የጋሽ አየነው ተራራ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ መናኸሪያ ከሚኒባስ ስወርድ፣ አንድ ሰውዬ የተጋጨ ባጃጅ ጠግኖ በሩን ሰማያዊ ይቀባ ነበር። ቀለሙን የሚያቀጥንበት አኳራጅ በተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ ከጎኑ ተቀምጧል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቦርሳዬ ገና ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አልወረደም ነበር፤ እሱን ረስቼ ሄጄ ባጃጁ አጠገብ ተገተርኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ «ምነው እታለም፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «ሽታው ነው» አልኩት። ሌላውን ሰው ራሱን የሚያዞረው የአኳራጅ ሽታ እኔን አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ መልሶ ጋሽ አየነው ሱቅ በር ላይ ያቆመኛል። ልቤም እንደዚያን ጊዜው መዝለል ትጀምራለች።

የጋሽ አየነው ሱቅ ከዚያው ከመናኸሪያው ጀርባ የነበረች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። እሳቸው የከተማው ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የምግብ ቤቱን ዶሮ ሁሉ የሣሉት እሳቸው ናቸው። እኔ እዚያ የገባሁት በታናሽ ወንድሜ በደሳለ ስንፍና ነው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ በእኛ ሰፈር ሴቶቹ አበባ ይዘን እንዘፍናለን፣ ወንዶቹ ደግሞ ሥዕል ሥለው በየቤቱ ያዞራሉ። ደሳለ ግን እጁ ለሥዕል አልተፈጠረም፤ ዶሮ ሲሥል ድንች ይሆንበታል። ስለዚህ በየዓመቱ እኔ እሥላለሁ፣ እሱ ያዞራል፣ ምርቃቱንም እሱ ይቀበላል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ከእማዬ ጋር ድንች ለገበያ አድርሰን ስንመለስ ዝናብ ጣለና ጋሽ አየነው ሱቅ ጥግ ተጠለልን። ዓይኔን ወደ ውስጥ ብወረውር፣ ደሳለ በመስከረም ያዞረው መልአክ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እኔው የሣልኩት፣ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ አንድ ክንፉ የታጠፈው መልአክ!

«የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ አየነው ከሥራቸው ቀና አሉ። «ያመጣው ወንድ ልጅ ነው።»

«ያመጣው እሱ ነው፤ የሣልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ድገሚዋ» አሉና ቁራጭ ከሰልና የካርቶን ክዳን አቀበሉኝ።

እማዬ ነጠላዋን ጨምቃ ሳትጨርስ መልአኩ ተደገመ፤ በዚህኛው ክንፉም አልታጠፈ። ጋሽ አየነው ካርቶኑን አራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው «ይቺን ልጅ ለክረምቱ ይስጡኝ» አሏት። እማዬ አማርኛ ትሰማለች እንጂ በአማርኛ መናገር አትደፍርም ነበር፤ ቤታችን ውስጥ የምናወራው በአገውኛ ነው። አፏን በነጠላዋ ሸፍና «አባቷን» ብቻ አለች።

አባዬን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ጫግኒ ላይ ቁርስ ቤት ያላት አክስቴ፣ እዚያው እያስተማረችኝ እንድረዳት እኔን ከለመነችው ቆይታለች፤ እሱም እሺ ሊላት ትንሽ ነው የቀረው። ጋሽ አየነው እሁድ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይ ጠብቀው ሲያናግሩት እኔ ከኋላ ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ። አባዬ ሰማቸውና ፈረደ።

«ክረምቱን ትማር። ለእንቁጣጣሽ፣ እንግዳ ፊት ከግድግዳዬ ላይ የምሰቅለው ነገር ከሠራች እዚሁ ከእርስዎ ጋር ትቀጥላለች። ካልሠራች ጫግኒ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።»

«እሰይ!» አልኩ። የመጨረሻውን ነገር ሰምቻለሁ፤ ግን ጫግኒ መሄድን የማልፈራበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ።

ምክንያቱ የወጣው በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ነው። ጋሽ አየነው ከሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ የድሮ ካላንደር ሥዕል አውጥተው ፊቴ ዘረጉ። ተራራ ነው። ጫፉ ነጭ፣ ወገቡ ሰማያዊ፤ እግሩ ሥር ሐይቅ፣ ከሐይቁ ዳር ጥቋቁር ጥዶችና አንዲት ጎጆ።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አልኩ።

እንዴት አላውቀው! ይኸው ተራራ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አለ፤ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ከተሰቀለው ሽንጥ ጀርባ አለ፤ ከአዲስ ቅዳም ከሰል በሚጭን መኪና ኋላ ላይ አለ። ይህን ያህል ሰው የሚሥለው ተራራ መቼም ሩቅ ሊሆን አይችልም። የእኛን አካባቢ ጋራ ሁሉ አውቀዋለሁ። ሰው ሲያወራለት እየሰማሁ ያልሄድኩበት ቦታ ጫግኒ ነበር። ስለዚህ ተራራው ከጫግኒ ወዲያ ነው ብዬ ከወሰንኩ ሰንብቻለሁ። አክስቴ ብትወስደኝ ቢያንስ እሱን አየዋለሁ።

ይህን ስነግራቸው ጋሽ አየነው ሣቅ ገደላቸው። «ጫግኒማ ማንጎ ነው ያለው፣ ልጄ! ይሄ የፈረንጅ አገር ተራራ ነው። የሣለውም ሰው ድሮ ሞቷል። እኔም መምህሬ ፊት ቁጭ ብዬ ይህንኑ ቀድቼ ነው የተማርኩ። ከኔ የተማሩትም ይህንኑ ቀድተው ነው። በከተማው የምታይው ሁሉ የተማሪ ሥራ ነው።»

ያን ቀን ጫግኒ በአንድ ጊዜ ተራራ የሌላት፣ የአክስቴ ያልታጠበ ሰሃን ብቻ የተከመረባት ከተማ ሆነችብኝ። እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ ያኔ ነው። ይህን ተራራ ካልሠራሁት መሄዴ ነው።

ስለ ነጩም ቢሆን የራሴ ትርጓሜ ነበረኝ። ሠዓሊው ከታች ጀምሮ ሲቀባ፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀለም አልቆበት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አዝንለትም ነበር። ጋሽ አየነው ዓመቱን ሙሉ የማይሟሟ በረዶ መሆኑን ሲነግሩኝ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። እኛ ዘንድ በረዶ ጣለ ማለት የድንቹ ቅጠል ተወቀጠ ማለት ነው፤ አባዬ ማሳው ዳር ቆሞ ራሱን ይይዛል። «ታዲያ ጎጆዋ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና «እሱን ሠዓሊው አልነገረንም» አሉ።

ሥራው ራሱ ደስ ሲል! ሸራ የሚሆነንን አቡጀዴ እንጨት ላይ ወጥረን፣ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብተን፣ ከበሮ እስኪመስል ጠበቀ። ከዚያ ጋሽ አየነው ክር በከሰል ዱቄት ያሻሉ፣ ከዳር እስከ ዳር ይወጥራሉ፣ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ይለቁታል፤ ጠብ! ጥርት ያለ ጥቁር መስመር። በሦስተኛው መስመር ላይ ልቀቂው ሲሉኝ በደስታ ቸኮልኩና ደሳለ ያሠመረው የሚመስል ጠማማ ወጣ። ደምስሰው ደገሙት። ካላንደሩም እንደዚሁ ካሬ በካሬ ተከፈለ፤ የእኔ ሥራ የእያንዳንዱን ካሬ ይዘት ሸራው ላይ ወዳለው ወንድሙ ማዛወር ነው።

የዘይት ቀለሙን ቱቦ መጀመሪያ የተጫንኩበትን ቀን አልረሳውም። ሰማያዊው እንደ ትል ተጠቅልሎ ወጣና ቁራጭ ጣውላው ላይ ተኛ። የማስታወቂያ ቀለም ውሃ ነው፤ ይሄ ግን ቅቤ ነው! በብሩሽ ስጎትተው ይከተለኛል፣ ስተወው ይቆማል። ማታ ቤት ስገባ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ሰማያዊ አላጥብም ብዬ ከእማዬ ጋር ተጣላሁ። ሁለተኛውን ቅብ በተልባ ዘይት እንደምናቀጥን ስነግራት ደግሞ እሷ በተራዋ ተገረመች። «ጨጓራው የታመመ ሰው የሚጠጣውን ተልባ ተራራ ትቀቡታላችሁ?» አለች።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ጋሽ አየነው ካላንደሩንም ሸራውንም ዘቅዝቀው ነበር ያስቀመጧቸው። «ተራራ የሚባል ነገር እርሺ» አሉኝ። «ካሬው ውስጥ ያለውን ቅርጽ ብቻ እይ። ተራራ ተራራ እያልሽ ከሣልሽው በሐሳብሽ ያለውን ነው የምታመጭው።» እኔም ሐይቁን ከላይ፣ ጫፉን ከታች አድርጌ ስቀባ ከረምኩ።

አባዬ ማዳበሪያ ሊወስድ ከተማ በመጣ ቀን ብቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ቀኝ አጣመመ፣ ወደ ግራም አጣመመ።

«ጋሽ አየነው» አለ በመጨረሻ፣ «ልጄን ያቀኑልኛል ብዬ እንጂ ይዘቀዝቁልኛል ብዬ አልነበረም።»

ጋሽ አየነው እየሣቁ ሸራውን አቃንተው አሳዩት። አባዬ ቀረብ ብሎ አየ። ጎጆዋን ወደዳት፤ ሐይቁንም ወደደው። ከዚያ ጣቱን ወደ ነጩ ቀሰረና «ተራራው ግን ለምን ተኛ?» አለ።

«እሱ ነው የቀራት» አሉ ጋሽ አየነው።

አባዬ እውነቱን ነው፤ ተራራዬ ተኝቷል። በረዶው የተዘረጋ አንሶላ ነው የሚመስለው። ጋሽ አየነው ስንቴ ነግረውኛል፤ «ነጭ ነጭ የሚሆነው ጎኑ የጠቆረ ነገር ሲኖር ነው። ፀሐይዋ በቀኝ ናት፤ የግራውን ጥላ ስጪው።» ጥላ ለመሥራት ግን ግራጫ ያስፈልጋል፤ እኔ ግራጫ በቀላቀልኩ ቁጥር ከገበያ ቀን በኋላ ያለ ጭቃ ይወጣል። ፈርቼ በላዩ ነጭ እደርባለሁ። ጭቃው አልሸፈን ሲል ሌላ ነጭ እደርባለሁ። በነሐሴ መጨረሻ በረዶው ከአቡጀዴው ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ወፍሮ ነበር። ተራራው ግን አሁንም እንደተኛ ነው።

ይህ ሳያንስ ደግሞ አልደርቅም አለ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው በራሱ ጊዜ ነው፤ በእንጅባራ ክረምት ደግሞ ከታጠበ የሰነበተው የደሳለ ሱሪ እንኳ አልደረቀም። ሰማዩና ሐይቁ ስስ ስለነበሩ ደርቀዋል፤ በረዶው ግን ሲነኩት እጅ ላይ ይቀራል። ጳጉሜን ሲገባ ጥሊሊ ከተማ የሚኖረው የጋሽ አየነው ወንድም ታመመና ሊጠይቁት ተነሡ። «ለዋዜማው እመለሳለሁ። ይዘሽው ሂጂ፣ ጥላውን ሞክሪ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው» አሉኝ።

ቀላል ነገር መስሏቸው! ብንሸፍነው ይለጠፋል፣ ባንሸፍነው ይዘንብበታል። ደሳለና እኔ ግራና ቀኝ ይዘነው ባጃጅ ውስጥ ገባን። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ደሳለ «ተራራው ወደቀ!» ይላል፣ እኔ «ዝም በል፣ ያዝ!» እላለሁ። ሹፌሩ ሊያየን ዞር ሲል ክርኑ በረዶው ላይ አረፈ። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ጃኬቴን ሊጥ አስነካችሁት!» ብሎ ጮኸ። ሊጥ አይደለም፣ በረዶ ነው ብለን ብናስረዳው ጭራሽ ተናደደ።

ቤት አግብቼ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩትና ፊቱ ቁጭ አልኩ። እማዬ ድንች ልጣ ስትመለስ እዚያው ነኝ፤ ላሟን አልባ ስትመለስም እዚያው ነኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«አይደርቅም እማዬ። አባዬ እርጥብ ነገር ግድግዳው ላይ አይሰቅልም። ጫግኒ መሄዴ ነው።»

ጎንበስ ብላ ሸራውን አየች። ራሴን ዳብሳኝ ወጣች።

በእኛ ቤት ክረምት የረጠበ ነገር ሁሉ የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው፤ ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ያለው የቀርቀሃ ቆጥ። የዘር በቆሎው እዚያ ነው፣ ብቅሉ እዚያ ነው፣ የአባዬ ካልሲም እዚያ ነው። ጠዋት ስነሣ ሸራው ከቦታው የለም። ወዲያው እማዬ በሁለት እጇ ይዛው ከማድ ቤት ስትመጣ አየሁ፤ ፊቷ በርቷል።

«ደርቋል!» አለች በአገውኛ። «በጣቴ ነክቼ አየሁት፤ አይለቅም!»

እርግጥ ላዩ ጠንክሯል። በረዶው ግን የለም። እርጥብ እንጨት ሲጨስ ያደረበት ጥቀርሻ ከወፍራሙ ነጭ ላይ ተጣብቆ፣ ተራራዬ ከጫፉ እስከ ወገቡ የማድ ቤት ጣሪያ መስሏል። ከሥሩ የእማዬ ሌባ ጣት ታትሟል።

«ምን አደረግሽብኝ!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረርኩ። የእማዬ ፊት እንዴት እንደጠፋ አሁንም ይታየኛል። ሸራውን ቀስ አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፤ መቆፈሪያዋን አንሥታ ካፊያው ውስጥ ወደ ድንች ማሳው ወጣች።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ቢላ አመጣሁ። ነጩን በሙሉ ፍቄ ላነሣው ነው፤ ባዶ ጫፍ ያለው ተራራ ይሻለኛል ብዬ ተነሣሁ። ከቀኙ ጀመርኩ። ጥቀርሻው እንደ ስስ ቆዳ ተላጠና ከሥሩ ንጹሑ፣ ለስላሳው ነጭ ብቅ አለ፤ ቀለሙ ወፍራም ስለነበር ጥቁረቱ የያዘው ላዩን ብቻ ነው። ቀጠልኩ። የቀኙን ጎን ከጨረስኩ በኋላ እጄ ሲደክመኝ ቢላውን አስቀምጬ፣ በሩን ለብርሃን ከፍቼ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁ።

ተራራው ተነሥቷል!

ቀኙ ነጭ፣ ግራው ግራጫ፤ መካከል ላይ ሹል ሸንተረር። እኔ የቀላቀልኩት ጭቃ ሳይሆን ለስለስ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚወስደው፣ ቀዝቃዛ ጥላ። ፀሐይዋ በቀኝ ናት! ጋሽ አየነው ክረምቱን ሙሉ ያሉኝ ይሄ ነው! «ደሳለ! ና! ና ቶሎ!» አልኩ። ደሳለ አፉ በድንች እንደተሞላ መጣና አየ። «አበጠ» አለ። የሥዕል ሰው ባይሆንም እውነቱን ነው፤ ተራራው ከአቡጀዴው አብጦ ወጥቷል። እየዘለልኩ ቢላዬን አነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ማልቀስ የለም፤ በግራ በኩል ትንንሽ ሸንተረሮችን እያየሁ ቀኝ ቀኛቸውን ብቻ ፋቅኩ። አንድ ሸንተረር ስፍቅ አንዱ ገደል ይወለዳል።

እንደጨረስኩ በጭቃው ሮጬ ማሳው ገባሁ። «እማዬ! እማዬ ነይ!» እጇን ከነአፈሩ ጎተትኩት። በሩ ላይ ስትደርስ መግባት ፈራች፤ ሌላ ጥፋት ልታይ መስሏታል። አንገቷን ብቻ አስገብታ አየች።

«ጢሱ ነው?» አለች።

«ጢስሽ ነው። ግራጫውን አጥቼው ነበር እኮ እማዬ፣ አንቺ ሠራሽልኝ!»

አመነችኝ ብዬ ልናገር አልችልም። ልጅ እናቷን ልታጽናና የምትለው መስሏታል።

በዋዜማው ጋሽ አየነው በቃላቸው ከጥሊሊ ተመልሰው ቤታችን መጡ። አባዬ ሸራውን ወንበር ላይ አስቁሞ ሁለቱ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እማዬ ማድ ቤቱ በር ላይ ናት። ጋሽ አየነው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠርገው መልሰው አደረጉ።

«ስመኝ» አሉኝ፣ «ይህን ጥላ ማን አሳየሽ?»

«እማዬ።»

እማዬ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ከባዕድ ሰው ጋር ያን ያህል አማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ እንዲደርቅላት ብዬ ከእሳት ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እሷ አላበላሸችም። እሷን እንዳይጥሏት» አለች።

ጋሽ አየነው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እትዬ፣ ማን ተበላሸ አለ? ይሄ ተራራ ከኔ ተማሪዎች ስንቱ እጅ ገብቷል፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመው ዛሬ ነው» አሏት። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ፤ ፍርዱ የእሱ ነው።

አባዬ አጠገቡ ሄደ። እጁን ወደ በረዶው ዘረጋ፤ ነካው፤ ጣቱን ገልብጦ አየ። ንጹሕ ነው፤ የተፋቀው ነጭ ሳስቶ በቀሩት ቀናት ደርቋል። ወደ ጫፉ ቀና አለ፤ እውነተኛ ተራራ እንደሚያይ ሰው ቀና አለ።

«ደሳለ፣ ሚስማር አምጣ» አለ።

የመጀመሪያው ምት ግድግዳውን ትንሽ አፈረሰው፤ ማን ግድ አለው! ደሳለ ይጮሃል፣ እኔ እዘላለሁ፣ ጋሽ አየነው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ። አባዬ ሰቅሎት ራቅ ብሎ አየና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ለአክስቷ እነግራታለሁ፤ ሌላ ረዳት ትፈልግ» አለ። እማዬ እስከዚያ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም። አሁን ቀስ ብላ መጣች፤ ከሥዕሉ ፊት ቆመች፤ የጣቷን ምልክት ከተራራው ሥር አገኘችው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ በአገውኛ ጠየቀችኝ፦

«የሚቀጥለውን ከእሳቱ ምን ያህል ላርቀው?»